ክፍት ሥርዓት፣ ዝግ ካርድ

እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ኤክስ ኦ የተባሉ ወደ 5,000 የሚጠጉ የተማሪ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው ሊኑክስ ስለ ነበረ፣ መሐንዲሱ ኮዱን ሊያነበው፣ ሊያርመውና ከአገሩ ቋንቋ ጋር ሊያስማማው ይችል ነበር።

ዳሩ ግን ይህ ነፃነት እስከ ኔትዎርክ ካርዱ አልደረሰም። የገመድ አልባ ግንኙነቱን የሚያካሂደው የማርቬል ቺፕ የራሱ አነስተኛ ፕሮሴሰር ስላለው፣ ዋናው ፕሮሴሰር ባንቀላፋ ጊዜ እንኳ የጎረቤት ላፕቶፖችን መልእክት ያስተላልፋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ለሚያጥረው ትምህርት ቤት ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ሆኖም የቺፑ ፈርምዌር ዝግ ስለ ነበረ፣ ጉድለት ቢገኝበት ሊያርመው የሚችለው አምራቹ ብቻ ነበር። የኦፕን ቢ ኤስ ዲ መሥራች ቴዎ ደ ራድትም ምርጫውን ገና በ2006 አጥብቀው ነቅፈዋል።

በዚያው ዘመን ፕሮግራመሮች ለብሮድኮም ቺፖች የሚሆን የሊኑክስ ድራይቨር የጻፉት፣ የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር አሠራር ፈልፍለው በመመርመር ነበር። ኩባንያው ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በ2010 ነው።

እንግዲህ ካርድ የሚመርጥ ባለሙያ ከካርቶኑ ስም ይልቅ የቺፑን መለያ ይመርምር። አንድ የንግድ ስም በየጊዜው የተለያየ ቺፕ ይሸፍናልና። ከግዢ በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ ከግዢ በኋላ መልሱ በአምራቹ እጅ ይቀራል።