የፕሮጀክት ቴምፕሌት ከፎልደር ኮፒ በምን ይለያል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ለአዲስ ደንበኛ ሶፍትዌር እንድሠራ ታዘዝኩ፡፡ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የቀድሞውን ደንበኛ የፕሮጀክት ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጌ ስሙን ብቻ ቀየርኩት፡፡ በሦስተኛው ቀን ለሙከራ የላክኳቸው አጭር የጽሑፍ መልእክቶች የቀድሞው ደንበኛ ተጠቃሚዎች ስልክ ላይ መድረስ ጀመሩ፡፡ ለካ አንዲት የተረሳች የኮንፊግሬሽን ፋይል የድሮውን ዳታቤዝ አድራሻና የይለፍ ቃል ይዛ ኖሯል፡፡ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ» እንደሚባለው፣ ያተረፍኩት የመሰለኝን ሁለት ቀን ይቅርታ በመጠየቅና ስህተቱን በማረም ሳምንት ሙሉ ከፈልኩበት፡፡

ያን ጊዜ የጎደለኝ የፕሮጀክት ቴምፕሌት ነው፡፡ ቴምፕሌት ማለት የማንም ደንበኛ መረጃ የሌለበት፣ የፎልደሮቹ አቀማመጥና መነሻ ፋይሎቹ አስቀድመው የተወሰኑበት አጽም ነው፡፡ አዲስ ሥራ ሲጀመር መሣሪያው የፕሮጀክቱን ስምና ጥቂት ምርጫዎችን ይጠይቃል፤ መልሶቹን በየቦታቸው አስገብቶ መዋቅሩን በሴኮንዶች ውስጥ ያሰናዳል፡፡ ኮፒ የድሮውን ሁሉ አግበስብሶ ሲመጣ፣ ቴምፕሌት ግን ታስቦበት የተቀመጠውን ብቻ ይዞ ይመጣል፡፡

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው ሩቢ ኦን ሬይልስ በአንድ ትእዛዝ ብቻ ሙሉ የፎልደር መዋቅር ይፈጥራል፡፡ ለጃቫ ባለሙያዎች የተዘጋጀው ሜቨንም ዋናውን ኮድ፣ የሙከራውን ኮድና ተጠናቅሮ የሚወጣውን ውጤት በተለያዩ ፎልደሮች የማስቀመጥ ደንብ አለው፤ ቴምፕሌቶቹንም «አርኪታይፕ» ይላቸዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኩኪካተር በፓይተን የተጻፈ ይሁን እንጂ ለማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ያገለግላል፡፡ ጊትሃብም ከ2019 ጀምሮ አንድን ማኅደር በቴምፕሌትነት ለመጠቀም ያስችላል፡፡

የራስዎን ቴምፕሌት ማዘጋጀት ከፈለጉ በትንሹ ይጀምሩ፡፡ ለኮድ፣ ለሙከራና ለሰነድ አንዳንድ ፎልደር፣ ሥራው እንዴት እንደሚነሣ የሚያስረዳ ፋይል፣ ጊት እንዳይከታተላቸው የሚፈለጉ ፋይሎች ዝርዝር፣ እንዲሁም የይለፍ ቃሉ ቦታ ባዶ የሆነ የኮንፊግሬሽን ናሙና ይበቃል፡፡ ሶፍትዌሩ ይህ ቦታ ሳይሞላ ሥራ እንዳይጀምር አድርጉት፡፡ እኔን ከዚያ ሁሉ ጣጣ ያድነኝ የነበረው ይህ አንዱ ጥንቃቄ ብቻ ነው፡፡

ቴምፕሌት ችግር የለበትም ማለት ግን አይደለም፡፡ በውስጡ ያለ ስህተት ከእሱ በሚወለዱት ፕሮጀክቶች ሁሉ ይባዛል፡፡ ቴምፕሌቱ ቢታረም እንኳ ቀደም ሲል የተፈጠሩት በአብዛኛው በራሳቸው አይታረሙም፡፡ ስለዚህ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ሊመደብለትና በየጊዜው አዲስ ፕሮጀክት እየተፈጠረበት ሊሞከር ይገባል፡፡

ጥቅሙ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም፡፡ ባለሙያው ሥራ ቢለቅ ተተኪው የትኛው ፋይል የት እንዳለ ሳይጠይቅ ያገኘዋል፡፡ እኔም ዛሬ የድሮ ፎልደር ኮፒ ላድርግ የሚል ባልደረባ ሲገጥመኝ፣ መጀመሪያ የማሳየው ያቺን ባዶ የይለፍ ቃል ቦታ ነው፡፡