በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሕንፃዎች ፍሬም አልባ የመስታወት በርና መስኮት ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 99 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው አዳማ ከተማና በሞጆ፣ በመተሐራ፣ በባቱ እንዲሁም በሻሸመኔ በሚገነቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ሆቴሎች መግቢያ ላይ ያለ አሉሚኒየም ወይም ብረት ፍሬም የሚገጠሙ የመስታወት በሮችና መስኮቶች የተለመዱ ሆነዋል። እነዚህ በሮች ለሕንፃው ብርሃንና ግርማ ሞገስ የሚሰጡ ቢሆንም፣ በአመራረጥና በገጠማ ወቅት የሚፈጠር ስህተት በኋላ ለማረም አዳጋች ነው። በመሆኑም ግዥ የሚያጸድቁ ኃላፊዎችና ርክክብ የሚፈጽሙ ባለሙያዎች የአካባቢውን የአየር ጠባይና የመሬት ሁኔታ ከመስታወቱ ባሕርይ ጋር አገናዝበው መወሰን ይኖርባቸዋል።

የመስታወቱ ዓይነት

ፍሬም አልባ በር የሚሠራው ከተራ መስታወት ሳይሆን ቴምፐርድ ከሚባለው በሙቀት ከጠነከረ መስታወት ነው። ይህ መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ከጋለ በኋላ በኃይለኛ አየር በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ የሚደረግ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ መስታወት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ የሚደርስ ጥንካሬ ያገኛል። ሲሰበርም እንደ ተራው መስታወት ረጃጅምና ስለታም ስብርባሪ ሳይሆን ጥቃቅን ፍርፋሪ ስለሚሆን በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ቴምፐርድ መስታወት ከጠነከረ በኋላ ሊቆረጥም ሆነ ሊበሳ አይችልም። የማጠፊያው፣ የቁልፉና የእጀታው ቀዳዳ በሙሉ ከማጠንከሩ ሥራ በፊት በፋብሪካ መዘጋጀት አለበት። በሩ ከተገጠመ በኋላ ሌላ ቁልፍ ለመጨመር ወይም የመሥሪያ ቤቱን ምልክት ለመስቀል በድሪል መብሳት ሙሉውን መስታወት ያፈርሰዋል። ልኬቱም ከሥዕል ላይ ሳይሆን የወለልና የግድግዳ ማጠናቀቂያ ሥራ ካለቀ በኋላ በቦታው ተወስዶ ለፋብሪካው መሰጠት ይገባዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በሁለት መስታወቶች መካከል የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ተደርጎ የሚጣበቀው ላሚኔትድ መስታወት ነው። ይህ መስታወት ቢሰበርም ስብርባሪው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ፣ ከሰው ራስ በላይ ለሚገጠም መስታወት፣ ለላይኛው ፎቅ መስኮትና ስርቆት ለሚያሰጋው ቦታ ተመራጭ ነው። ጥንካሬንም ስብርባሪን የመያዝ ባሕርይንም ለማግኘት ሁለት ቴምፐርድ መስታወቶችን አጣብቆ መጠቀም ይቻላል።

ክብደትና መገጣጠሚያ ዕቃዎች

የመስታወት ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ስሌት 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.10 ሜትር ቁመትና 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ በር ወደ 57 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚሸከሙት ከላይና ከታች የሚገጠሙት መያዣዎችና ወለል ውስጥ የሚቀበረው ፍሎር ስፕሪንግ በመሆናቸው፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ የሚችሉት ክብደት በኪሎ ግራም መገለጽ አለበት። "ጥራት ያለው" የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ከሰፈረ ተጫራቾች በዋጋ እንጂ በብቃት አይወዳደሩም፤ ርክክብ የሚፈጽመው ባለሙያም የቀረበውን ዕቃ የሚያመሳክርበት መለኪያ አይኖረውም።

ነፋስና አቧራ

አዳማ ነፋሻማ ከተማ መሆኗ የሚታወቅ ሲሆን፣ በአቅራቢያዋ 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአዳማ ሁለት ደግሞ በ2007 ዓ.ም ሥራ መጀመራቸው ለዚህ ማሳያ ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በመስታወት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከላይ በተጠቀሰው በር ላይ ፊት ለፊት ሲያርፍ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት የመግፋት ያህል ኃይል አለው። በዚህ ሁኔታ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ፍሎር ስፕሪንግ በሩን መቆጣጠር ስለሚያቅተው በሩ እየተወረወረ ከግድግዳ ወይም ከሰው ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው በሩን ነፋስ ከሚበዛበት አቅጣጫ ማዞር፣ የበር ማቆሚያ መግጠም ወይም በመግቢያው ላይ ሁለት በሮች ያሉት መሸጋገሪያ ክፍል መሥራት ነው። ፍሬም አልባ በር ዙሪያውን የሚሊ ሜትሮች ክፍተት ስላለው በበጋው ወራት አቧራ ያስገባል። ክፍተቱን በብሩሽ ወይም በላስቲክ ማሸጊያ መቀነስ ቢቻልም ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ለመዝገብ ቤት፣ ለመድኃኒት ማከማቻ፣ ለላቦራቶሪና ለኮምፒዩተር ክፍል ፍሬምና ማሸጊያ ላስቲክ ያለው የአሉሚኒየም በር ይመረጣል።

ፀሐይና ሙቀት

ቀለም ያልገባበት ወፍራም መስታወት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት አብዛኛውን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ በቀትር ከፍ ብላ ስለምትወጣ፣ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ያለ መስታወት በአጭር የጣሪያ ክፈፍ ሊጠለል ይችላል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ የሚገጠም ሰፊ መስታወት ክፍሉን ያግለዋል። በእነዚህ አቅጣጫዎች ጠባብ መስኮት፣ የውጭ መከለያ ወይም የፀሐይን ሙቀት የሚመልስ መስታወት መጠቀም ለአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ወጪ ይቀንሳል።

የመሬት መንቀጥቀጥ

አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት አለበት። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ የተከሰተ ሲሆን፣ ታኅሣሥ 26 ቀን እና የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም የደረሱት ከሁሉም ጠንከር ያሉ ነበሩ፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ሕንፃ ሲወዛወዝ ግድግዳውና ወለሉ ጥቂት ስለሚዛቡ፣ ክፍተት ያልተተወለት መስታወት ይጨመቃል። የቴምፐርድ መስታወት ደካማ ጎን ደግሞ ጠርዙ ነው። ስለሆነም መስታወቱ ከኮንክሪትና ከብረት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ በመካከሉ ላስቲክ ሊደረግና መሐንዲሱ የወሰነው ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

የተገልጋይ ደኅንነት

በደንብ የጸዳ መስታወት ስለማይታይ ሰዎች በተለይም ሕፃናት፣ አረጋውያንና የማየት ችግር ያለባቸው ተገልጋዮች ሊጋጩበት ይችላሉ። ይህን ለመከላከል ከወለሉ በ1 ሜትር እና በ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ከጀርባው ቀለም ጎልቶ የሚታይ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። በሩ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ ስፋት ያለው፣ ደረጃ የሌለውና በቀላሉ የሚከፈት መሆን አለበት። በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ሲመረጥም መብራት ሲቋረጥ በእጅ የሚከፈት መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል፤ አለበለዚያ በእሳት አደጋ ጊዜ መውጫ ያሳጣል።

ርክክብና እንክብካቤ

በርክክብ ወቅት በእያንዳንዱ ቴምፐርድ መስታወት ጥግ ላይ የማይለቅ የፋብሪካ ማኅተም መኖሩን፣ ጠርዙ አለመሸረፉን እንዲሁም በሩ ያለ ጩኸት ተከፍቶ በራሱ መመለሱን ማየት ይገባል። ቴምፐርድ መስታወት በውስጡ በሚቀር ጥቃቅን ባዕድ ነገር ምክንያት አልፎ አልፎ ሳይነካ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ የሚገጠመው ዳግም በሙቀት የተፈተነ መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ መጠየቅ ይመረጣል።

ከርክክብ በኋላ የፍሎር ስፕሪንጉ ሳጥን አቧራና የወለል ማጠቢያ ውኃ እንዳይገባበት መከታተል፣ ብሎኖቹንም በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል። አቧራ የያዘ መስታወት በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ስለሚጫር አስቀድሞ በውኃ መታጠብ አለበት። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን ሲደርቅ ነጭ እድፍ ስለሚተው፣ ውኃው ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ መጠረግ ይኖርበታል።

በአጠቃላይ ፍሬም አልባ መስታወት ለዋና መግቢያና ለውስጥ መከፋፈያ ተስማሚ ሲሆን፣ ለሁሉም በርና መስኮት ግን አያገለግልም። የትኛው ቦታ ምን ዓይነት መስታወት እንደሚያስፈልገው ከጨረታ በፊት በመሐንዲስ ተለይቶ በዝርዝር መግለጫው ላይ መስፈሩ የተገልጋዩን ደኅንነት ይጠብቃል፤ የመንግሥትንም በጀት ከብክነት ያድናል።