ጢስና ብርሃን በዋተርሉ ድልድይ ላይ



በሥዕል ታሪክ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዶ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው በሳቮይ ሆቴል ዐረፈ፤ በ1900 እና በ1901 ዓ.ም.ም በብርዱ ወራት ተመልሶ መጣ። ከመስኮቱ ሆኖ በስተግራ ሲመለከት የዋተርሉ ድልድይ ይታየው ነበር። ይህም ጆን ሬኒ የተባለ መሐንዲስ የነደፈው፥ በ1817 ዓ.ም. የተከፈተ፥ ዘጠኝ ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ድልድይ ነበረ።

ኢምፕሬሲዮኒስት ከሚባሉት ሠዓልያን አንዱ የሆነው ሞኔ የተጨነቀው በድንጋዩ ላይ ስለሚያርፈው ብርሃን ነው። ማለዳ ሰማያዊ መስሎ የታየው ድልድይ፥ ፀሓይ ጉሙን ሰንጥቃ ስትወጣ ወደ ወይን ጠጅ፥ ጥቂት ቈይቶም ወደ ብርቱካን መልክ ይለወጣል። እጅ ብርሃንን ሮጦ አይደርስበትምና፥ ሞኔ ብዙ ሸራ ጎን ለጎን አሰናድቶ ብርሃኑ በተለወጠ ቍጥር አንዱን አኑሮ ለዚያች ሰዓት የሚስማማውን ያነሣ ነበር። ዋተርሉን ብቻ ከ40 ጊዜ በላይ ሥሎታል። ሥራውን የፈጸመው ግን ዢቨርኒ በሚገኘው ቤቱ ነው፤ በዚህ የሚነቅፉት ቢኖሩም፥ ዐይን ያየውን ልብ እስኪያብላላው ጊዜ ቢወስድ ለእኛ ነውር አይመስለንም። ከለንደን ሥዕሎቹም 37ቱ በ1904 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ታዩ።

ያ ያማረ ጉም ግን ከምን የተሠራ ነበረ? ከወንዙ ማዶ ከሚታዩት ፋብሪካዎችና ከየቤቱ ምድጃ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ ከእርጥበቱ ጋራ ተዋሕዶ ነው። ሞኔ በ1900 ዓ.ም. ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ፥ አንድ እሑድ ጧት ሲነቃ የጉም ምልክት እንኳ አጥቶ ሥራው ሁሉ የተበላሸ መስሎት እንደ ደነገጠ፥ ቈይቶ እሳቱ በየስፍራው ሲነድ ግን ጢሱና ጉሙ እንደ ተመለሰ ገልጿል። ሠዓሊው ያዘነባት ያች ጧት፥ ለለንደን ሠራተኛ ደኅና አየር የሚተነፍስባት ጧት ነበረች።

ይኸው ጢስ በዲሴምበር 1952 ዓ.ም. ከተማይቱን አምስት ቀን ዐፍኖ፥ በመጀመሪያው ግምት 4,000 ያህል፥ በኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ እስከ 12,000 የሚደርስ ሰው ፈጀ። በ1956 ዓ.ም. የአየር ንጽሕና ሕግ ታወጀ። የሬኒ ድልድይማ መሠረቱ በመስጠሙ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ ዓመታት ፈርሶ፥ ሌላ ድልድይ ተተክቶለታል።

እንግዲህ ያን ድልድይ በዚያ ጢስ ውስጥ ለማየት የሚሻ ሰው የቀረለት የሞኔ ሸራ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ከጥፋት አላመለጠም፤ በኦክቶበር 2012 ዓ.ም. ዋተርሉንና ጎረቤቱን የቻሪንግ ክሮስን ድልድይ የሚያሳዩ ሁለት የሞኔ ሥራዎች፥ ሮተርዳም ከሚገኘው ከኩንስትሃል ቤተ ሥዕል ከሌሎች አምስት ሥዕሎች ጋራ ተሰረቁ። በሚቀጥለው ዓመት የሩማንያ ባለሙያዎች ከአንድ መንደር ቤት ምድጃ የተጠረገውን ዐመድ ሲመረምሩ፥ የቀለም፥ የሸራና የምስማር ቅሪት አገኙበት።