የሱስ አማካሪዎችን የሙያ ማስረጃ ማጣራት

የሱስ አማካሪዎችን የሙያ ማስረጃ ማጣራት በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለተያዙ ሰዎች የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ ከመቀጠሩ በፊት፣ አለኝ የሚለው ትምህርት፣ ፈቃድና የሥራ ልምድ እውነት መሆኑ የሚረጋገጥበት ሂደት ነው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው በዩናይትድ ስቴትስ ያለውን አሠራር ነው። በዚያ አገር የሱስ አማካሪዎችን ሁሉ የሚመዘግብ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የለም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ደንብ ያወጣል፤ የማጣራቱ ሥራ የሚወሳሰበውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

አመጣጥ

ይህ ሙያ ከሌሎች የጤና ሙያዎች የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ከቀደምቶቹ አማካሪዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ከመጠጥ ሱስ ያገገሙ እንጂ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ አልነበሩም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ በሚገኙት በሄዝልደን ማዕከልና በዊልማር የመንግሥት ሆስፒታል፣ ያገገሙ ሰዎች ከሐኪሞችና ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጎን እንዲሠሩ ተደረገ። ይህ አሠራር «የሚኒሶታ ሞዴል» በሚል ስም በአገሪቱ ተስፋፋ። በ1970 ከመጠጥ ሱስ ባገገሙት በሴናተር ሃሮልድ ሂውዝ አነሳሽነት የወጣው ሕግ ለሕክምናው የፌዴራል ገንዘብ አስገኘ። ገንዘብ የሚከፍል ወገን ሲመጣ ደግሞ አማካሪው ማን እንደሆነና ምን እንደተማረ መጠየቁ አልቀረም። በ1974 ዛሬ ናዳክ በመባል የሚታወቀው የአማካሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1981 ደግሞ የክፍለ ግዛት መስካሪ አካላትን የሚያስተሳስረው አይሲ ኤንድ አርሲ ተመሠረተ።

ፈቃድ፣ ምስክር ወረቀትና ምዝገባ

ሦስቱ ቃላት በዕለታዊ ንግግር ቢምታቱም ትርጉማቸው ይለያያል። ፈቃድ መንግሥት በሕግ የሚሰጠው ሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ መሥራት ሕግ መጣስ ይሆናል። ምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከሙያ ማኅበር ወይም ከመስካሪ ድርጅት ነው። ምዝገባ ደግሞ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሰው መሆኑን ብቻ ሊያመለክት ይችላል።

ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ። በቴክሳስ ለአማካሪዎች ፈቃድ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ የጤናና ሰብአዊ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። አመልካቹ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ፣ 270 ሰዓት የሙያ ትምህርት፣ 300 ሰዓት የተግባር ልምምድና 4,000 ሰዓት በተቆጣጣሪ ሥር የተሠራ ሥራ ሊኖረው ይገባል። የጣት አሻራም ይሰጣል። ካሊፎርኒያ ግን ለሱስ አማካሪ የመንግሥት ፈቃድ አትሰጥም። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ክፍለ ግዛቱ ዕውቅና የሰጣቸው ድርጅቶች ናቸው። የደንቡ ዝቅተኛ መስፈርት 155 ሰዓት ትምህርት፣ 160 ሰዓት በክትትል የሚሰጥ ሥልጠናና 2,080 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው። በዚያው ደንብ መሠረት በአንድ ማዕከል ምክር ከሚሰጡት ሠራተኞች ቢያንስ 30 በመቶው ፈቃድ ወይም ምስክር ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል። የቀሩት ተመዝግበው በአምስት ዓመት ውስጥ ምስክር ወረቀቱን ማግኘት ይጠበቅባቸዋል። እንግዲህ «ተመዝግቤአለሁ» የሚል አመልካች እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣሪው ግን የሚቀጥረው ሰው ተማሪ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ከስም በኋላ የሚጻፉት ምህጻረ ቃላትም ያሳስታሉ፤ ተመሳሳይ ፊደላት በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች የተለያየ መስፈርት ይወክላሉ። «የማገገሚያ አሠልጣኝ» የሚለውን መጠሪያ ደግሞ በብዙ ቦታ ማንም ለራሱ ሊሰጠው ይችላል።

ከምንጩ ማረጋገጥ

የማጣራቱ ዋና መርሕ፣ ማስረጃው ከአመልካቹ እጅ ሳይሆን ከሰጪው አካል መገኘት አለበት የሚል ነው። የምስክር ወረቀት ፎቶ ኮፒ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ ወይም በስልክ የተላከ ምስል ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ከተሰጠ በኋላ ታግዶ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ይህን አይናገርም። ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የጤና ተቋማት ዕውቅና ሰጪ፣ ተቋማት ፈቃድን ከምንጩ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል።

አብዛኞቹ ፈቃድ ሰጪዎች በድረ ገጻቸው የነጻ መፈለጊያ አላቸው። እዚያ የሚታየው የፈቃዱ ቁጥር፣ ያበቃበት ቀንና ሁኔታው ነው። «በራሱ ፈቃድ መለሰ» የሚል ማስታወሻ ቀላል ቢመስልም፣ አንዳንዴ ምርመራ የተጀመረበት ሰው ከውሳኔው በፊት የሚወስደው እርምጃ ስለሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አመልካቹ ቀደም ሲል የሠራባቸው ክፍለ ግዛቶች መዝገቦች ሁሉ መታየት አለባቸው። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም፤ የካሊፎርኒያ ሴኔት የቁጥጥር ጽሕፈት ቤት በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች አማካሪ ሆነው መመዝገባቸውን፣ አንዱ ድርጅት ያባረረው ሰውም ወደ ሌላው ሊሻገር ይችል እንደነበር አሳይቷል።

ዲግሪ የሚረጋገጠው በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ወይም በብሔራዊ የተማሪዎች ክሊሪንግሃውስ በኩል ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ዕውቅና ያለው መሆኑም መታየት አለበት፤ ዲፕሎማ የሚሸጡ «ዩኒቨርሲቲዎች» ስልክ ቢደወልላቸው ተመራቂያቸውን በደስታ ይመሰክሩለታል።

ከኢትዮጵያ በመጡ አመልካቾች ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው፣ በአገር ቤት የተገኘ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ እንደ ደብልዩኢኤስ ባሉ ገምጋሚ ድርጅቶች በአሜሪካ ሚዛን መገመት አለበት። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድና በላቲን ፊደል አጻጻፉ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ፣ መዝገቡ «አልተገኘም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው በፈቃድ ቁጥር ቢደረግ ይመረጣል፤ ስሙ ስላልተገኘ ብቻ ሰውን አስመሳይ ማለትም ተገቢ አይደለም። በሌላ በኩል አማርኛ መቻል ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ትልቅ ጥቅም ቢሆንም ፈቃድን አይተካም።

ወንጀልና የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር

የፌዴራሉ ጤናና ሰብአዊ አገልግሎት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ፣ ከፌዴራል የጤና ፕሮግራሞች የታገዱ ሰዎችንና ድርጅቶችን ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ በየወሩ ይታደሳል፤ ማንም በነጻ ሊፈልግበት ይችላል። በዝርዝሩ ያለ ሰው ለሰጠው አገልግሎት ሜዲኬርም ሆነ ሜዲኬይድ አይከፍልም፤ የቀጠረውም ድርጅት የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። ብሔራዊ የባለሙያዎች መረጃ ቋት የተባለው ሌላው ምንጭ ግን ለሆስፒታሎችና ለተፈቀደላቸው ተቋማት እንጂ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። አመልካቹ ግን የራሱን መረጃ ጠይቆ ማግኘት ይችላል።

ቀጣሪው የወንጀል ታሪክን በግል መርማሪ ድርጅት የሚያስጠና ከሆነ በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይገዛዋል። በዚህ ሕግ መሠረት ለአመልካቹ በጽሑፍ ማሳወቅና ፈቃዱን ማግኘት አለበት፤ በሪፖርቱ ምክንያት ከመከልከሉ በፊትም ቅጂውን ሊሰጠው ይገባል።

ያገገሙ አመልካቾች

በዚህ ሙያ በጣም ስሱ የሆነው ጉዳይ ይህ ነው። ብዙ አማካሪዎች ዛሬም ከሱስ ያገገሙ ናቸው፤ ከዚህ የተነሳ ያለፈ የእስራት ታሪክ ያለባቸውም አይጠፉም። ያለፈን ጥፋት ሁሉ በር መዝጊያ ማድረግ ሙያው የተነሳበትን ምንጭ ማድረቅ ይሆናል። ስለዚህ የጥፋቱ ዓይነት፣ ያለፈው ጊዜና ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ይመዘናል። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ቀጣሪው ሥራ ከመስጠቱ በፊት ስለ ቀድሞ ሱስና ሕክምና እንዳይጠይቅ ይገድበዋል፤ በአሁኑ ጊዜ በሕገ ወጥ መንገድ ዕፅ የሚጠቀምን ሰው ግን አይከላከልለትም። አመልካቹ ቀድሞ በዚያው ማዕከል ታክሞ ከሆነ፣ የሱስ ሕክምና ምስጢርን የሚጠብቀው የፌዴራል ደንብ የሕክምና መዝገቡ ለቅጥር ውሳኔ እንዳይከፈት ይከለክላል።

የቀድሞ ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩት የሥራ መደቡንና ሠራተኛው የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው። ክስ ስለሚፈሩ ከዚያ አያልፉም። ይህም ቢሆን ከማመልከቻው ጋር ሲነጻጸር የተዘለሉ ወራትን ወይም የተጋነነ ልምድን ያሳያል። ፈቃዶች የማለቂያ ቀን ስላላቸው፣ የፈቃዱ ሁኔታ በእድሳቱ ጊዜ፣ የታገዱት ዝርዝር ደግሞ በየወሩ ከቅጥር በኋላም ይታያል።