በሞት ብቻ ይታይ የነበረው በሽታ

በፓሪስ የሚገኘው የሳልፔትሪየር ሆስፒታል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆስፒታል ብቻ አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ከተማ ይመስል ነበር። ድሮ የባሩድ ፋብሪካ የነበረው ግቢ ድሆችን፣ አሮጊቶችንና አይድኑም የተባሉ ሴቶችን በሺዎች ያስጠልል ነበር። ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1862 እዚያ ሐኪም ሆኖ ሲሾም ሌሎች የሸሹትን ሥራ እንደ ሀብት ቆጠረው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታማሚዎቹ በግቢው ዓመታት ይቆያሉ፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ እግራቸው ሲገተር፣ ምላሳቸው ሲተሳሰር እያየ ይመዘግባል። ሲሞቱ ደግሞ አንጎላቸውንና ህብለ ሰረሰራቸውን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል።

በ1865 ለፓሪስ ሐኪሞች ማኅበር ያቀረበው ታሪክ የአንዲት ወጣት ሴት ነበር። እጅና እግሯ ደክሞ ጡንቻዋ ግትር ብሎ ቀርቷል። ሐኪሞች ሕመሟን ሂስቴሪያ ብለውታል፤ የነርቭ ጉዳት የለባትም ማለታቸው ነው። ከሞተች በኋላ ሻርኮ ህብለ ሰረሰሯን ሲመረምር ግን ጉዳቱን አገኘው፤ በግራና በቀኝ ጎን የሚወርዱት የነርቭ ክሮች ጠንክረውና ጠባሳ ሆነው ነበር። ሕመሟ እውነተኛ መሆኑ የተረጋገጠላት እሷ ልትሰማው በማትችልበት ሰዓት ነው።

ሻርኮ በ1869 ከባልደረባው ከዦፍሯ ጋር ጥናቱን ቀጠለ፤ በ1874 ደግሞ በሽታውን አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስ ብሎ ሰየመው። ስሙ ራሱ የአስከሬን ምርመራ ውጤት ነው፤ ጡንቻው መመንመኑን፣ የህብለ ሰረሰሩ ጎን መጠንከሩን ይናገራል። ዛሬ ባጭሩ ኤ ኤል ኤስ የሚባለው፣ ከሞተር ኒውሮን በሽታዎች ዋነኛው ይኸው ነው። በዚያው በ1874 ቭላድሚር ቤትዝ የተባለ የኪየቭ ሊቅ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ግዙፍ ሕዋሳት ማግኘቱን አሳወቀ። አንዱ የእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚሄድበትን መንገድ መጥፋት፣ ሌላው የመንገዱን መነሻ አይተው ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሰው ጣቱን ሊያነሣ ሲፈልግ ትእዛዙ ከአንጎል ቅርፊት ይነሣል፤ በላይኛው ነርቭ ወርዶ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ለታችኛው ነርቭ ይደርሳል፤ ታችኛው ለጡንቻው ያቀብላል። በኤ ኤል ኤስ ሁለቱም ይሞታሉ። ታችኛው ሲሞት ጡንቻ ይመነምናል፣ ከቆዳ ስር ይርገበገባል፤ ይህን ሐኪም ጡንቻ ውስጥ በሚያስገባት መርፌ የኤሌክትሪክ ምልክቱን ለክቶ ያውቀዋል። የላይኛው ነርቭ ግን የራስ ቅል ውስጥ የተሸሸገ ነው። ለእሱ የነበረው መሣሪያ ጉልበት ላይ የምትመታው ትንሿ መዶሻ ብቻ ነበረች።

የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድኑ ሉ ጌሪግ 2130 የቤዝቦል ግጥሚያዎችን ሳያቋርጥ ተጫውቶ በግንቦት 1939 ራሱን ከሰልፍ ሲያወጣ፣ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች አንጎሉን የሚያዩበት መስኮት አልነበራቸውም። ሕመሙ ኤ ኤል ኤስ መሆኑን የነገሩት ሰኔ 19 ቀን፣ 36ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረፈ። በ1963፣ በ21 ዓመቱ፣ ይኸው በሽታ እንዳለበት ለተነገረው ለስቲቨን ሆኪንግም ቢሆን የተለየ መሣሪያ አልነበረም።

መስኮቱ የተከፈተው ጥቅምት 1 ቀን 1971 በዊምብልደን፣ በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነው። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተባለው መሐንዲስ የሠራው ሲቲ ስካን በሕይወት ያለችን ሴት አንጎል በስስ ቁራጭ ከፍሎ አሳየ። ዕጢና የደም መፍሰስን ለማየት ትልቅ ነገር ነበር። የኤ ኤል ኤስ ታማሚ አንጎል ግን በሲቲ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና መስሎ ይታያል። ቀጥሎ የመጣው ኤም አር አይ ነው። ፖል ላውተርበር በ1973 በማግኔት ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ፒተር ማንስፊልድ አፋጠነው፤ ሁለቱም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች በአንዳንድ ታማሚዎች ምስል ላይ ከአንጎል ቅርፊት ወደታች የሚወርድ ነጭ መስመር አዩ። ሻርኮ በቢላዋ ያገኘው መንገድ በሕይወት ባለ ሰው ውስጥ ታየ። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ ያው መስመር በአንዳንድ ጤነኞች ላይም ይታያል፣ በብዙ ታማሚዎች ላይ ደግሞ የለም።

ትልቁ እርምጃ ምስሉን በማጥራት አልመጣም። የውሃን ጉዞ በመለካት ነው የመጣው። ጤነኛ የነርቭ ክር እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃ በቦዩ ርዝመት ይንቀሳቀሳል። ቦዩ ሲናድ ውሃው ወደ ጎን ይበተናል። ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ በ1994 ይህን በማግኔት የሚለኩበትን ስሌት አወጡ፤ በ1999 የለንደን ተመራማሪዎች በኤ ኤል ኤስ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት፤ ከላይ የሚወርደው መንገድ እንደተናደ ቁጥሩ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ጉዳቱ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች በሚያገናኘው ድልድይ ላይም እንዳለ አሳዩ። የእንቅስቃሴ ብቻ ይባል የነበረ በሽታ በአንዳንዶች ላይ አስተሳሰብንና ጠባይን ለምን እንደሚነካም ምስሎቹ ይጠቁማሉ።

ሟቾቹ ግን ከታሪኩ አልወጡም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ውለታ መርሳት ነው። በአንጎል ቅርፊት ላይ በምስል የሚታይ ጥቁር ሪባን ነበረ፤ ምንነቱ የታወቀው በ2012 ኃይለኛ ማግኔት ከሟች አንጎል ጋር ሲነጻጸር ነው። ሪባኑ በአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ውስጥ የተጠራቀመ ብረት ነበር። በ2013 ደግሞ 76 ሟቾች ተመርምረው ቲዲፒ 43 የተባለው ፕሮቲን ከክልል ወደ ክልል የሚዛመትበት አራት ደረጃ ተቀረጸ። በዓመቱ በኡልም ከተማ የጀርመን ተመራማሪዎች ያንኑ ቅደም ተከተል በሕያዋን ምስል ላይ ተከተሉት። ይህም ሻርኮ አልጋውንና የአስከሬን ክፍሉን ያገናኘበት ዘዴ ነው፤ የሚለየው አሁን ታማሚው በሕይወት እያለ መነበቡ ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው አንጎላቸውን ለጥናት በሰጡ ሰዎችና ቤተሰቦች ነው።

አንድ ማሽን የሚሰበስበው የታማሚ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ፣ በ2010 በኦክስፎርድ የተገናኙ ሐኪሞች ምስሎቻቸውን በጋራ ለማዋል ማኅበር አቋቋሙ። በ2011 ከተገኘው ሲ 9 ኦርፍ 72 ከተባለው የዘረ መል ለውጥ ጋር የተወለዱ፣ ገና ምንም ያልተሰማቸው ሰዎችም ማግኔቱ ውስጥ ገብተዋል። በአንዳንዶቹ አንጎል ላይ ለውጥ ታይቷል። ይህ ጸሐፊ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ነገር አላየም፤ ሕመሙ ከእጅ ሳይደርስ በአንጎል ውስጥ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው።

ዛሬም የቡድን አማካይ የሚያሳየውን ልዩነት በአንድ ሰው ምስል ላይ አንብቦ «ኤ ኤል ኤስ ነው» የሚል ማሽን የለም። ፍርዱ አሁንም የመዶሻዋ፣ የመርፌዋና የባለ ልምዱ ሐኪም ነው። ኤም አር አይ የሚታዘዘው በዋናነት ሌላ ሕመም አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው፤ የአንገት አጥንት ህብለ ሰረሰርን ሲጫን ተመሳሳይ ድክመትና የእጅ መመንመን ያመጣል፣ እሱ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። እጁ እየመነመነ ወይም ምላሱ እየተሳሰረ የመጣ ሰው ካለ፣ ወራት ሳይቆጥር ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂድ።