የሥራ ፍሬና የሠራተኛው ቃል

ባለፉት መቶ ዓመታት አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚያስገኘው ውጤት ከቀድሞው ብዙ እጥፍ መብለጡን የማያውቅ የለም። ምክንያቱ ምንድር ነው ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «መኪናው ነው» ይባላል። መኪና የገዛ አገር ይበለጽጋል፣ ያልገዛ ወደ ኋላ ይቀራል የሚለው አሳብ በእኛም ዘንድ የቆየ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ ያሰብነው ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ነው። የሥራን ታሪክ በቅርብ የተመለከተ ሰው፣ ከመኪናው አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ጥፋት ባየ ጊዜ ይናገር ዘንድ ተፈቅዶለት እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርገን የምንጠራቸው ሦስት አገሮች አሜሪካ፣ ጃፓንና የራሳችን አገር ኢትዮጵያ ናቸው። የውጭውን አገር ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ አሜሪካን እንመልከት። በ1911 ፍሬደሪክ ቴይለር የሚባል የፊላደልፊያ ተወላጅ መሐንዲስ ስለ ሥራ አመራር ዕውቀት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የቴይለር ዘዴ በአጭሩ ይህ ነው፤ ማንኛውም ሥራ ወደ ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሰዓት ይለካል፤ ከዚያም ከሁሉ የፈጠነው መንገድ ተመርጦ ለሠራተኛው ትእዛዝ ሆኖ ይሰጣል። አሳቡ በቢሮ ይቀመጣል፣ እጁ በፋብሪካ ይሠራል ማለት ነው። ውጤቱ በብዙ ስፍራ ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1911 በማሳቹሴትስ ግዛት በዎተርታውን በሚገኘው የመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ ብረት አቅልጠው የሚያፈስሱ ሠራተኞች በሰዓት መለካታቸውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ነገሩም እስከ አገሪቱ ምክር ቤት ደርሶ ተመረመረ። የእነዚህ ሰዎች ቅሬታ የድካም ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት የተማሩት ጥበብ፣ ሙያውን በማያውቅ ሰው እጅ ባለ ሰዓት መመዘኑ ክብራቸውን ነክቶት ነበር።

ሁለተኛው የአሜሪካ ምስክር ሄንሪ ፎርድ ነው። ፎርድ በ1908 «ሞዴል ቲ» የተባለውን አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋው በመጀመሪያ 850 ዶላር ነበር። በ1913 በዲትሮይት አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ሠራተኛው ወደ ሥራው መሄዱ ቀርቶ ሥራው ራሱ በሚንቀሳቀስ መስመር ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። ቀድሞ አንዱን አውቶሞቢል ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው በ1914 ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ዋጋውም እየቀነሰ ሄዶ በ1920ዎቹ ዓመታት መካከል ከ300 ዶላር በታች ሆነ። በዚህም ቀድሞ የባለጸጋ ብቻ የነበረው አውቶሞቢል ለገበሬውና ለሠራተኛው ደረሰ። ይህን ታላቅ ሥራ ማቃለል ፍርድ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የዚያው ዓመት መዝገብ ሌላም ነገር ይነግረናል። በ1913 ፎርድ 14,000 ያህል ሠራተኞችን በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎችን መቅጠር ግድ ሆኖበት ነበር። ሰው ይገባል፣ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ብቻ ሲያጠብቅ መዋልን የሰው ልቡና አልቻለውም። ስለዚህ ፎርድ በጥር 1914 የቀን ደመወዙን ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ የሥራውንም ቀን ከ9 ወደ 8 ሰዓት አሳጠረ። ሠራተኛው ያን ጊዜ ረጋ። ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? መስመሩ ራሱ ብቻውን ፍሬ እንዳልሰጠ ነው። በመስመሩ ላይ የሚቆም ሰው ካልተገኘ መስመሩ የብረት ክምር ነው። ፎርድ ይህን ተረድቶ የእጁን ዋጋ ከፈለ፤ ለአሳቡ ግን ቦታ አልሰጠም።

የዚህም ዕዳ በኋላ ተከፈለ። በ1926 የገዛ ኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ኧርነስት ካንዝለር፣ ገበያው እየተለወጠ መሆኑንና ሞዴል ቲ ጊዜው ማለፉን በጽሑፍ አመለከተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ካንዝለር ከሥራው ተሰናበተ። በሚከተለው ዓመት በ1927 ግን እውነቱ ራሱ ተናገረ፤ ፎርድ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ከሠራ በኋላ ሥራውን አቁሞ፣ አዲስ ዓይነት እስኪያዘጋጅ ድረስ ፋብሪካውን ለወራት ዘጋ፤ ተወዳዳሪዎቹም በዚህ መካከል ቀደሙት። በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በሸንጎ ፊት ለሚቆም ሰው ይህ ጥበብ ሊሆን ይችል ይሆናል። በፋብሪካ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የነቀዘውም ነገር የሚታየው ጎተራው ሲከፈት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምስክራችን ወደ ጃፓን እንሻገር። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ከአንድ የገጠር አናጢ ቤት ተወለደ። በመንደሩ ሴቶች በእጅ ሲሸምኑ እያየ አደገና ድካማቸውን የሚያቀል የእንጨት የሽመና መኪና ለመሥራት ተነሣ። ለረጅም ዘመን ከደከመ በኋላ በ1924 ከልጁ ከኪኢቺሮ ጋር የታወቀውን አውቶማቲክ የሽመና መኪና አወጣ። የዚህ መኪና ድንቅነት በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ክር ሲበጠስ መኪናው ራሱ ይቆማል። ሸማኔ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ያስተውላል፤ ድሩ ከተበጠሰ በኋላ መወርወሪያው ቢመላለስ ጨርቁ ይረዝማል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ቀድሞ አንድ ሰው በአንድ መኪና ላይ ዓይኑን ተክሎ መዋል የነበረበት ቀርቶ፣ አንድ ሠራተኛ ብዙ መኪናዎችን መጠበቅ ቻለ። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የታወቀ የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን መኪና መብት ለመግዛት ተዋዋለ። የሽመና መኪና ለዓለም ስትሸጥ የኖረች እንግሊዝ ከጃፓን አናጢ ልጅ ገዛች ማለት ነው።

ኪኢቺሮ በ1937 የቶዮታን የአውቶሞቢል ኩባንያ አቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ነበር፤ በ1950 ብዙ ሠራተኞች እንዲለቁ በመደረጉ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ ኪኢቺሮም ኃላፊነቱን ተቀብሎ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። ከዚህ መከራ በኋላ በፋብሪካው ውስጥ ታይኢቺ ኦኖ የተባለው የሥራ አለቃ የአባት ሳኪቺን አሳብ ከክር ወደ ሰው አሻገረው። ክር ሲበጠስ መኪናው እንደሚቆም ሁሉ፣ ሠራተኛው ጥፋት ባየ ጊዜ ጠቅላላውን መስመር ለማቆም መብት ተሰጠው። በ1951 ደግሞ ሠራተኞች ሥራውን የሚያሻሽል አሳብ በጽሑፍ የሚያቀርቡበት ደንብ ወጣ። ይህ ነገር በሂሳብ ብቻ ለሚያስብ ሰው እብደት ይመስላል፤ የቆመ መስመር ኪሳራ ነውና። ነገር ግን ጥፋት በተወለደበት ሰዓት ቢያዝ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ተሸፋፍኖ ወደ ገዢው ቤት ቢደርስ ግን ዋጋው ብዙ ነው።

ምናልባት አንባቢያችን «ይህ የጃፓኖች ጠባይ ነው፤ ለሌላ ሕዝብ አይሆንም» ይል ይሆናል። ለዚህ ተቃውሞ መልስ የሚሰጥ አንድ ግልጽ ማስረጃ አለ። በካሊፎርኒያ በፍሪሞንት ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነበር። በሥራ መቅረትና በጠብ የታወቀ ስለ ነበር በ1982 ተዘጋ። በ1984 ይኸው ፋብሪካ በጄኔራል ሞተርስና በቶዮታ ሽርክና እንደገና ተከፈተ። ከተቀጠሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከቀድሞው ፋብሪካ የወጡት ሰዎች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው የቀድሞው ነበር። የተለወጠው የሥራው ሥርዓትና መስመሩን ለማቆም የተዘረጋው ገመድ ነው። በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ያ ፋብሪካ በሥራው ጥራትና ብዛት በአሜሪካ ከሚመሰገኑት አንዱ ሆነ። ፋብሪካው በ2010 ቢዘጋም የሰጠው ትምህርት አልተዘጋም። ሰነፍ ተብለው የተባረሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ የሚሰማቸው ያጡ ነበሩ።

ሆኖም ጃፓንን ያለ ነቀፋ ማመስገን የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም። በ2007 የናጎያ ፍርድ ቤት በቶዮታ ፋብሪካ በ2002 በሥራ ብዛት ስለ ሞተ አንድ የ30 ዓመት ሠራተኛ ፈረደ። ሠራተኛው ከመደበኛው ሰዓት በኋላ ሥራን ለማሻሻል በሚደረጉ ስብሰባዎች ይደክም ነበር፤ ይህም «በፈቃድ የሚደረግ» እየተባለ እንደ ሥራ ሳይቆጠር ቆይቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሥራ ነው ብሎ ቆጠረው፤ ኩባንያውም በ2008 ለዚህ ሰዓት ደመወዝ መክፈል ጀመረ። እንግዲህ የሠራተኛውን እጅ በዋጋ ገዝቶ አሳቡን በነጻ መውሰድ ሌላ ዓይነት በደል ነው። አሳብ ከተጠየቀ አሳብ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ምስክር የራሳችን አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከእነዚህ መካከል ትልቁ «ሴባስቶፖል» ተብሎ የተሰየመው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ነበር፤ እርሱንም እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት አስጎተቱት። ንጉሠ ነገሥቱ ለጥበብ የነበራቸውን ፍቅር ማንም አይክድም። ነገር ግን ብልሃቱ ከአንድ ሰው ትእዛዝ የወጣ ስለ ነበር፣ በ1860 ዓ.ም. አዛዡ ሲሞቱና ባለእጆቹ ሲበተኑ የጋፋት ሥራ አብሮ ጠፋ። በዙሪያው ብረት የሚቀጠቅጥ ኢትዮጵያዊ አልነበረምን? ነበረ፤ ግን ጠይብና ቡዳ እየተባለ ከሰው መካከል ተለይቶ ይኖር ነበር። ከተናቀ ሰው ትምህርት የሚቀበል የለም፤ የተናቀም ሰው የሚያውቀውን አያስተምርም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሽታ አይተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና አራሹን በሥራው የሚሰድብ ሰው አገር ባዶ እንደሚያስቀር አስታወቁ፤ ሠራተኛን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ድካሙን በርካሽ እንደሚሸጥ አስረዳ። አዋጁ ለእጅ ክብርን ሊሰጥ ፈለገ፤ መጽሐፉ ለእጅ ዕውቀትን ሊጨምር ፈለገ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አዋጅ ግን ስድብን ከአፍ ያስወግዳል እንጂ ንቀትን ከልብ አያወጣም፤ ለዚህ ሌላ ልማድ ያስፈልጋል።

ይህን ልማድ ለማምጣት የተደረገ የቅርብ ሙከራ አለ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ርዳታ «ካይዘን» የተባለው የማሻሻል ዘዴ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዘዴው በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብሎ ይነገራል፤ እነርሱም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን ከላይ በዘረዘርነው ታሪክ ብንመዝናቸው አንድ ስድስተኛ «ማ» ይጎድላቸዋል እንላለን፤ እርሱም ማድመጥ ነው። መሣሪያ በየስፍራው ተስተካክሎ ሊቀመጥ፣ ወለሉም ሊጠረግ ይችላል። አለቃው ግን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚለው መንፈስ የሚገዛ ከሆነ፣ ሠራተኛው የተበጠሰውን ክር እያየ ያልፈዋል። ቶዮታ መስመሩን የሚያቆም ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ገመዱን የሳበ ሰው እንደማይቀጣ ማሳመን ነበረበት። ገመድ በገንዘብ ይገዛል፤ ይህ እምነት ግን የሚገኘው አለቃው የመጀመሪያውን ቅሬታ በሰማበት ዕለት በሚያሳየው ፊት ነው።

ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ብዙዎቻችን የምንቀመጠው በአለቃ ወንበር ላይ ነው፤ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከእኛ ያነሰ ፊደል ቢቆጥርም ስለዚያ መኪና ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ዲፕሎማችን የዚህን ሰው አፍ የሚዘጋ ከሆነ፣ ትምህርታችን የድሮውን ንቀት በአዲስ ልብስ አልብሶ መልሶ ያመጣል፤ አገሪቱም መኪና ገዝታ ፍሬውን አታይም። ስለዚህ የሥራን ፍሬ የሚሻ አለቃ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ፤ በእኔ ሥር ያለ ሠራተኛ ጥፋት ሲያይ ያለ ፍርሃት «ይቁም» ይላልን? በአሳቡስ የተገኘው ትርፍ ለእርሱ ይደርሰዋልን? የእነዚህ መልስ «አይደለም» ከሆነ፣ አዲስ መኪና ከማዘዙ በፊት ወደ ፋብሪካው ወለል ወርዶ ይጠይቅ፤ የሚመልስለትም ሰው እዚያው ቆሞ ያገኘዋል።