ተጠባባቂዋ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንድ የገና ዋዜማ ሀርጌሳ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ታህሳስ 28 ቀን ነው፣ ማለዳ። የኢጋል አየር ማረፊያ ገና በጠዋቱ ጢም ብሏል። ስሙን ያገኘው ከመሐመድ ሀጂ ኢብራሂም ኢጋል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1994 ዓ.ም. ሶማሌላንድን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሰው ናቸው። የታህሳስ መጨረሻ እዚህ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይጋጠምበታል። አንደኛው ቁርባጆግ ነው። የሀርጌሳ ሰው ባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቹን እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ከለንደን፣ ከስቶክሆልም፣ ከሚኒያፖሊስ ለእረፍት መጥተው የከረሙት፣ የልጆች ትምህርት ሊከፈት ነውና፣ በአዲስ አበባ በኩል ይመለሳሉ። ሁለተኛው የኛው የኢትዮጵያ ሰው ነው፤ ምግብ አብሳዩ፣ ግንበኛው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለገና ቤቱ ሊገባ የተነሳ። አዲስ አበባ በአየር 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ሁሉም ታዲያ የሚሻማው ለዚያችው ወንበር ነው።

የማወራላችሁ ሴት ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት፤ አገሯ ደብረ ብርሃን። ትኬት የገዛችው ዘግይታ ስለነበር ያገኘችው የማግስቱን፣ የገናን ዕለት ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ደግሞ ገናን የምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን የላትም። እናቷ ደብረ ብርሃን እየጠበቋት ነው። ስለዚህ በዋዜማው ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራት፣ ስታንድባይ ልትጠብቅ መጣች። ከፊቷ ሁለት ወጣቶች ተመዝግበዋል፤ የእነርሱም ትኬት የነገ ነው፤ አንዱ የአዳማ፣ አንዱ የአዋሽ ልጅ፣ ሴራሚክ ሠራተኞች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ስታንድባይ ሲባል ዕድል ይመስለዋል። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ትኬቱ ቀን መቀየር የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ ልዩነትና ቅጣት ካለ ይከፈላል፤ ሀርጌሳ ላይ እሱ ቀላል ነው፣ ዛድ በሚሉት የስልክ ገንዘብ መላኪያ ይላካል። ከዚያ ቆጣሪው እስኪዘጋ ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ መነሻው አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ቦታ ይዞ የቀረ ሰው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀርቶም ወንበሩ ላይሰጥ ይችላል፤ ክብደት አለና። ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሱታል፣ አውሮፕላኑም ይዞ የሚነሳው ጭነት ይቀንሳል። የቁርባጆግን ሻንጣ ደግሞ አይታችሁ እንደሆነ! እናቶች ለልጆቻቸው ቅቤ ይጭናሉ፣ ማር፣ ኡንሲ የሚሉትን ዕጣን፣ ኦድካ የሚሉትን በቅቤ የተቀመጠ ሥጋ። ይህ ሁሉ ፍቅር ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎ ነው፤ ወንበር ባዶ ሆኖ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆጣሪው ላይ የነበረችው ልጅ ሶማሌ ናት፣ ወጣት። እሷን ነው ላመሰግናት የምፈልገው። ሦስቱን ጠርታ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ እንዲህ አለች፦

«ኤዶ (አክስቴ)፣ እናንተም ወላል (ወንድሞቼ)፣ ስሙኝ። አውሮፕላኑ ሙሉ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠብቁ። ያኔ አለ ወይም የለም እላችኋለሁ። ከሌለ የዋጃሌ መኪና ያን ሰዓት ይገኛል።»

ይቺ ንግግር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የሚያውቀው የጠበቀ ሰው ነው። «ቆይ፣ ቆይ» እየተባለ ቀኑ የሚያልቅበት ሰው መንገዱም ያልቅበታል። ከሀርጌሳ በገቢሌይ አድርጎ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ቶግ ዋጃሌ፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድንበሩን በጊዜ የተሻገረ ሰው ጅግጅጋ በቀን ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሐረር አለ። ከሰዓት በኋላ የተነሳ ግን ድንበር ላይ ሊያድር ነው። ተጠባባቂን ሰዓቱን ነግሮ ማስጠበቅ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቆጣሪ።

ሲጠብቁ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አማርኛቸው የጅግጅጋ ነው። የዋጃሌ ነገር ሲነሳ ጊዜ ሳቅ አሉና፣ «ያንን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ» አሉ። ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው። የያኔው የሶማሊያ መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከዚሁ ሜዳ እየተነሱ ከተማዋን ደብድበው እዚሁ ያርፉ ነበር፤ መሐል ሀርጌሳ ሐውልት ላይ የቆመው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ፣ ሀርቲሼክ መጠለያ ሰፈረ። ያ መጠለያ በጊዜው ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። ሽማግሌው አሁን በዚያው ሜዳ ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ሊሸኙ መጥተዋል። ወጥ ሠሪዋ «አዬ አዴር (አጎቴ)!» ከማለት በቀር ቃል አጣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጅቷ ቃሏን አላጠፈችም፤ ራሷ ተነስታ መጣች። አራት ሰው ቀርቷል። የጭነት ሠራተኞቹ ግን የፈቀዱት አንድ ሰው፣ ያውም ያለ ሻንጣ ነው። ተራው የወጣቶቹ ነበር። የሁለቱም መሣሪያ፣ መቁረጫው፣ መዶሻው፣ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ የዓመት እንጀራቸው ነውና ጥለውት አይሄዱም። ትልቁ ወደ ሴትየዋ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ምን ይዘዋል?» አላት። አንዲት የእጅ ቦርሳ፤ ውስጧ ለእናቷ የተገዛ ሻሽና መድኃኒት።

«በሉ ይሂዱ። እኛ በዋጃሌ እንወጣለን።»

ለመሰነባበትም ጊዜ አልነበረም። እሷ ቦርዲንግ ፓሷን ተቀብላ ወደ ፍተሻው ሮጠች፤ እነርሱም ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ መኪናው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከቦሌ ወጥታ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን በመኪና ጨርሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቷ ደጃፍ ደረሰች። ሌሊቱንም አብረው አስቀደሱ። ወጣቶቹ በምሽት ሐረር ገቡ። የአዋሹ ልጅ አጎት እዚያ ነበሩና ገናን በእሳቸው ቤት ፈስከው፣ በማግስቱ ቁልቁል ወደየቤታቸው ቀጠሉ።